በወርቅ ገጽ ላይ ሞለኪውል መገጣጠም፦ ስለ ራዲካል ኬሚስትሪ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ማቴሪያል ሳይንስ ከሚማሩ ልጆች ጋር ስንጫወት እነዚህ ጥያቄዎች እየተመላለሱ ይነሳሉ። አንድ ቦታ ቢቀመጡ ይሻላል ብዬ ሰበሰብኳቸው። አጠያየቃቸውን ብዙም አልነካካሁትም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ባጭሩ ምንድን ነው?

በጣም የጸዳና ለጥ ያለ የወርቅ፣ የብር ወይም የመዳብ ገጽ ይዘጋጃል። በላዩ ላይ ለዚሁ ሥራ ተብለው የተቀመሙ የካርቦን ሞለኪውሎች በሙቀት ተነው እንዲያርፉ ይደረጋል። ሞለኪውሎቹ ጫፋቸው ላይ ብሮሚን ወይም አዮዲን አላቸው። ገጹ ሲሞቅ ብሮሚኑ ከካርቦኑ ይላቀቃል፤ የተላቀቀበት ካርቦን ላይ ጥንድ የሌለው ኤሌክትሮን ይቀራል። ራዲካል የሚባለው ይህ ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ሞለኪውሎች ገጹ ላይ እየተንሸራተቱ ሲገናኙ ካርቦን ከካርቦን ጋር ይተሳሰራል። ይህ ሲደጋገም እንደ መነሻ ሞለኪውሉ ቅርጽ ሰንሰለት፣ ሪባን ወይም መረብ ይሠራል። ውፍረቱ የአንድ አቶም ነው።

ራዲካል ሲባል ጤና ላይ የሚወራው “ነፃ ራዲካል” ነው?

ዘሩ አንድ ነው፤ ሁለቱም ጥንድ የሌለው ኤሌክትሮን የያዙ ናቸው። በሰውነት ውስጥ የሚነሱት አብዛኞቹ ከኦክስጅን የሚመጡ ናቸው፤ እዚህ የምናወራቸው ግን ካርቦን ላይ የተቀመጡ ናቸው። ለነገሩ የተቆላ ቡናም ውስጥ ራዲካል አለ። ጥንድ የሌለውን ኤሌክትሮን በማግኔታዊ ጠባዩ (በስፒኑ) በሚለየው በኤሌክትሮን ስፒን ሬዞናንስ መሣሪያ ሲታይ ጥሬው ላይ ደካማ የነበረው ምልክት ከተቆላ በኋላ ይጎላል። ስለዚህ ራዲካል ሁሉ በቅጽበት የሚጠፋ ነው የሚለው አባባል ልክ አይደለም። ዙሪያውን በትልልቅ የካርቦን ቀለበቶች የተከበበ ራዲካል ዕድሜው ይረዝማል። ይህንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው ሞሰስ ጎምበርግ ነው። በ1900 ሚሺጋን ውስጥ ሌላ ሞለኪውል ሊሠራ ሲሞክር ትራይፌኒልሜቲል የተባለውን ራዲካል አገኘ።

ፍላስክ ውስጥ ለምን አይሠራም? ለምን ይህ ሁሉ ጣጣ?

ብዙው ነገር ፍላስክ (የቤተ ሙከራ ጠርሙስ) ውስጥ ይሠራል፤ ፍላስክን የሚንቅ ሰው ኬሚስት አይደለም። መነሻ ሞለኪውሎቹ ራሳቸው የሚሠሩት እዚያው ነው። ችግሩ ሁለት ቦታ ላይ ይመጣል።

አንደኛው ሟሟት ነው። ለጥ ያለና ሰፊ የካርቦን ሞለኪውል እያደገ ሲሄድ እርስ በርሱ ይደራረብና ከፈሳሹ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ማደጉ ያቆማል፣ ማጥራቱም አይሞከርም። ብረቱ ላይ ግን ፈሳሽ የሚባል ነገር የለም።

ሁለተኛው ራዲካሉ ራሱ ነው። ፍላስክ ውስጥ ያለ ራዲካል ከሟሚው ሃይድሮጅን ይነጥቃል፣ ኦክስጅን ካገኘ ከእሱ ጋር ይጣበቃል፣ ከጎረቤቱም ጋር በፈለገው አቅጣጫ ይገጥማል። ገጽ ላይ ሲሆን ሞለኪውሉ ተኝቷል፤ መንቀሳቀስ የሚችለው ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደፊትና ወደኋላ ነው። ወደ ላይ የሚነሳበት ኃይል የለውም፣ ብሮሚኑ በነበረበት በኩል ካልሆነም በቀላሉ አይተሳሰርም። የትስስሩ አቅጣጫ ገና ሞለኪውሉ ሲነደፍ ተወስኗል ማለት ነው።

ወርቁ እንደ ጠረጴዛ የሚያስቀምጥ ነው ወይስ እሱም ይሠራል?

ይሠራል። እንዲያውም ከዚህ ገጽ አንድ መልስ ብቻ የሚያነብ ሰው ቢኖር ይህንን ያንብብ።

በቤንዚን ቀለበት (ስድስት ካርቦኖች የተያያዙበት ቀለበት፤ የመኪናው ቤንዚን አይደለም) ላይ ያለን ብሮሚን ያለ ምንም እገዛ በሙቀት ብቻ ለመንቀል በሞል 340 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል። አዮዲን ወደ 270 ይበቃዋል፤ ክሎሪን ደግሞ 400 ገደማ ይጠይቃል። 340 ኪሎጁል በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚገኝ አይደለም። ሆኖም ወርቅ ላይ ብሮሚን በዚያው በ200 ዲግሪ አካባቢ ይላቀቃል። መዳብ ላይ ደግሞ ምንም ሳይሞቅ፣ በክፍል ሙቀት ይላቀቃል። ልዩነቱን ያመጣው ብረቱ ነው። ካርቦኑና ብሮሚኑ ሲለያዩ ሁለቱንም ስለሚይዛቸው፣ ለመለያየት የሚወጣው ወጪ በእጅጉ ይቀንሳል።

እስከዚህ ድረስ “እንግዲያው መዳብ ይሻላል” ሊባል ይችላል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው። መዳብ ብሮሚኑን ለመንቀል እንደሚፈጥን ሁሉ የተነቀለበትን ካርቦንም አጥብቆ ይይዛል። የተያዘ ሞለኪውል አይንሸራተትም። ስለዚህ መጀመሪያ ያገኘው ጎረቤት ላይ ይገጥማል፤ ውጤቱም ቅርንጫፉ የተንጨባረረና ቀዳዳ የበዛበት ይሆናል። ይህ በ2010 በስድስት የቤንዚን ቀለበቶች በተሠራ አንድ ሞለኪውል ላይ በግልጽ ታይቷል። ሞለኪውሉ አንድ ሆኖ፣ መዳብ ላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተበታተነ ነገር ሲሆን ብር ላይ ሰፋ ያለና ሥርዓት ያለው መረብ ሆነ። ብር ላይ ሞለኪውሎቹ ከመጣመራቸው በፊት ለመዘዋወርና የተሻለ ቦታ ለመፈለግ ጊዜ ያገኛሉ።

መዳብና ብር ሌላም ጠባይ አላቸው። ከገጹ ላይ አንድ የብረት አቶም መዘው በሁለት ካርቦኖች መካከል ያስገባሉ። ካርቦን፣ መዳብ፣ ካርቦን እያለ የሚሄድ ሰንሰለት ይፈጠራል። ይህ ሰንሰለት ሊፈታና ሊገጠም ስለሚችል ስህተት ይታረምበታል፤ ሙቀቱ ሲጨምር የመዳቡ አቶም ይወጣና ካርቦኖቹ በቀጥታ ይተሳሰራሉ። ወርቅ ላይ ይህ መካከለኛ ደረጃ ብዙ ጊዜ አይታይም። እኔ ብረት ስመርጥ የምጠይቀው የትኛው በደንብ ይነቅላል ብዬ አይደለም፤ የትኛው ነቅሎ ሲያበቃ ይለቃል ብዬ ነው።

ታዲያ ገጹ ላይ ያለው ራዲካል እውነት ነፃ ነው?

አይደለም። ብዙ ጽሑፍ ላይ “ራዲካል” የሚለው ለአጻጻፍ እንዲመች ነው። ብሮሚኑን ያጣው ካርቦን ወዲያውኑ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ከብረቱ አቶም ጋር ይያያዛል፤ ኤሌክትሮኑ ብቻውን ቆሞ አይጠብቅም። “በገጽ የተደገፈ ራዲካል” ማለት ይሻላል። አንዳንዶች ከነጭራሹ ራዲካል መባል የለበትም ይላሉ። ለእኔ የሚታየኝ፣ ድርጊቱን ለመረዳት ራዲካል ማለት ይጠቅማል፣ ስሌት ሲሠራ ግን ከብረቱ ጋር ያለውን ትስስር የዘነጋ ሰው የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል።

ማን ጀመረው?

ሥሩ ፍሪትዝ ኡልማን ነው። በ1901 ሃሎጅን (እንደ ክሎሪን፣ ብሮሚንና አዮዲን ያለ) ያለባቸውን የቤንዚን ቀለበቶች ከመዳብ ዱቄት ጋር አሙቆ ሁለት ሁለቱን አጣመረ። ለመቶ ዓመት ያህል ኬሚስቶች ይህንን ሲጠቀሙበት ቆዩ፤ መዳቡ ላይ በትክክል ምን እንደሚከናወን ግን ያየ አልነበረም።

በ2000 በርሊን ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች የኡልማንን ሥራ በአንዲት የማይክሮስኮፕ መርፌ ጫፍ (መሣሪያው ከታች ይመጣል) ደረጃ በደረጃ ሠሩት። መዳብ ላይ ካረፈ አዮዶቤንዚን ላይ አዮዲኑን በኤሌክትሮን ነቀሉ፣ ሁለቱን ቀለበቶች በመርፌው ጎትተው አጠገብ ለአጠገብ አደረጉ፣ ከዚያም አጣመሯቸው። አንድ ሞለኪውል ተሠራ። ለኢንዱስትሪ ምንም አይረባም፤ ለማስተማር ግን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በ2007 በርሊን ውስጥ የሊዮንሃርድ ግሪል ቡድን ፖርፊሪን የተባለውን ሞለኪውል አንድ፣ ሁለት ወይም አራት ብሮሚን እያደረገ ወርቅ ላይ አሞቀው። አንድ ብሮሚን ያለው ጥንድ ሆነ፣ ሁለት ያለው ሰንሰለት፣ አራት ያለው መረብ። በዚያው ዓመት ጌርሃርድ ኤርትል በጠጣር ገጽ ላይ ስለሚካሄድ ኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አገኘ። የእሱ ሥራ ሌላ ነው፤ ለማዳበሪያ የሚሆነው አሞንያ ብረት ላይ እንዴት እንደሚፈጠር ያሳየው እሱ ነው። ይሁን እንጂ ገጽን በዚህ ደረጃ አጽድቶ መመርመርን ዘርፉ የወረሰው ከእንዲህ ዓይነት ሥራዎች ነው።

በ2010 ስዊዘርላንድ ያለው ኤምፓ የተባለ የማቴሪያል ምርምር ተቋምና ጀርመን ማይንዝ ያለው የማክስ ፕላንክ የፖሊመር ተቋም አብረው የመጀመሪያዎቹን በአቶም ደረጃ ልካቸው የታወቀ የግራፊን (አንድ አቶም ውፍረት ያለው የካርቦን ሉክ) ሪባኖች ወርቅ ላይ አወጡ። ዘርፉ ከዚያ ወዲህ ነው በጣም የሰፋው።

ግራፊንን ሉክ አድርጎ ሪባን መቁረጥ አይቀልም?

የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚሠራው ሰው ከአንድ ግንድ ይነሳና ትርፉን እየጠረበ ይጥላል። ግራፊን መቁረጥም እንደዚያው ነው። በርጩማው ላይ ሁለት ሚሊሜትር ቢሳት ማንም አይቀየመውም። ሪባን ላይ ግን የአንድ አቶም ስህተት ጠባዩን ይለውጠዋል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ግራፊን ሙሉ ሉክ ሲሆን የኤሌክትሪክ ክፍተት (ኤሌክትሮን ሊይዘው የማይችል የኃይል ክልል) ስለሌለው ከእሱ የተሠራን ትራንዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ማጥፋት አይቻልም። ወደ ጠባብ ሪባን ሲለወጥ ክፍተት ይመጣል፤ የክፍተቱን መጠን የሚወስነው ወርዱ ላይ ያሉት የካርቦን አቶሞች ቁጥር ነው። 7 አቶም ወርድ ያለውና 5 አቶም ወርድ ያለው ሪባን በጣም ይለያያሉ፤ የ5ቱ ጠባብ ሆኖ ሳለ ክፍተቱ ያንሳል። ነገሩ ወርዱ ሲሰፋ ቀስ እያለ የሚቀንስ ቢሆን ኖሮ መቁረጡ ያዋጣ ነበር። ቁጥሩ በሦስት ሲካፈል የሚተርፈው ነው ቤተሰቡን የሚለየው፤ ሁለት የሚተርፍባቸው ትንሹ ክፍተት አላቸው። 5፣ 8፣ 11 ከዚህ ወገን ናቸው። እንዲህ ያለ ልክ በመቁረጫ አይገኝም፤ ከታች ወደ ላይ መገጣጠም ያስፈልጋል።

የ7ቱ ሪባን አሠራር ሁለት ደረጃ አለው። ሁለት ብሮሚን ያለው የአንትራሲን ጥንድ ወርቅ ላይ በ200 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ረጅም ሰንሰለት ይሆናል፤ ገና ጠፍጣፋ አይደለም፣ አንዱ ቀለበት ወደዚህ ሌላው ወደዚያ ያዘነበለ ነው። ሙቀቱ ወደ 400 ሲወጣ ጎን ለጎን ያሉ ካርቦኖች ሃይድሮጅናቸውን ጥለው ይገጥማሉና ሪባኑ ለጥ ይላል።

ከወርቅ ቤት የተገዛ ወርቅ ይሆናል?

አይሆንም። 18 ካራት 75 በመቶው ብቻ ወርቅ ነው፤ 21 ካራት 87.5 በመቶ። የቀረው መዳብና ብር ነው፤ ሲሞቅ ወደ ገጹ ይወጣና ሥራውን ያበላሻል። 24 ካራትም ቢሆን ንጽሕናው ብቻ አይበቃም። አቶሞቹ በየት በኩል እንደተደረደሩ መታወቅ አለበት። በብዛት የሚፈለገው (111) የተባለው ገጽ ነው፤ አቶሞቹ እንደ ማር እንጀራ በስድስት በስድስት ተጠጋግተው፣ ከአንዱ እስከ ሌላው 0.29 ናኖሜትር ያህል ርቀው የተቀመጡበት።

ደግነቱ ብዙ ወርቅ አያስፈልግም። ማይካ (በስሱ የሚላጥ ማዕድን) ላይ በትነት የተቀባ 200 ናኖሜትር ውፍረት ያለው ወርቅ ይበቃል። አንድ ሴንቲሜትር በአንድ ሴንቲሜትር የሆነ ቁራጭ ላይ ያለው ወርቅ ከግማሽ ሚሊግራም ያንሳል። በዚህ ሥራ ውድ የሚሆነው ወርቁ ሳይሆን ማሽኑ ነው።

ቫኪዩም ለምን? እዚሁ አየር ላይ ቢሠራስ?

ጅማ ከባሕር ጠለል 1,780 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ወደ 820 ሚሊባር ይሆናል። ሙከራው የሚካሄድባቸው፣ አየራቸው በፓምፕ የተመጠጠ (ቫኪዩም የሆኑ) ክፍሎች ውስጥ የሚፈለገው የአንድ ሚሊባር አሥር ቢሊዮንኛ ነው። ከጅማ አየር ስምንት ትሪሊዮን ጊዜ ያህል የሳሳ ማለት ነው።

ይህ ቅንጦት አይደለም። ግፊቱ የሚሊባር ሚሊዮንኛ ላይ ቢቆም እንኳ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ገጹ በሙሉ በጋዝ ሞለኪውል ሊሸፈን ይችላል። አሥር ቢሊዮንኛ ላይ ሲደርስ ግን ጥቂት ሰዓታት ይገኛሉ፤ አንድ ሙከራ ለመጀመርና ለመጨረስ የሚበቃ ጊዜ ነው። ራዲካሉም ኦክስጅንና ውኃ ካገኘ ጎረቤቱን አይጠብቅም።

የተሠራውን በምን ያዩታል?

በስካኒንግ ተነሊንግ ማይክሮስኮፕ። ጌርድ ቢኒንግና ሃይንሪክ ሮረር ዙሪክ አጠገብ ባለው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ በ1981 የሠሩት ነው፤ በ1986 ኖቤል አገኙበት። ጫፉ እስከ አንድ አቶም የሾለ መርፌ ገጹን ሳይነካ ይቀርባል፤ በመካከላቸው ትንሽ ኤሌክትሪክ ያልፋል። ርቀቱ በ0.1 ናኖሜትር ሲጨምር ኤሌክትሪኩ አሥር እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። እንዲህ ስለሚያንስ ነው አቶም የሚለየው።

ይሁንና ይህ መሣሪያ የሚያሳየው ኤሌክትሮኖቹን እንጂ የትስስሮቹን አጥንት አይደለም። አጥንቱ የታየው በ2009 ነው፤ ያው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ የአቶሚክ ኃይል ማይክሮስኮፕ ጫፍ ላይ አንድ የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውል ሰክቶ የፔንታሲንን አምስት ቀለበቶች አንድ በአንድ አሳየ። ሥዕሉ መጽሐፍ ላይ ከምንስለው ጋር መመሳሰሉ ለእኔ አሁንም ይገርመኛል። እንዲህ ያሉ ሥዕሎች የሚነሱት አብዛኛውን ጊዜ በፈሳሽ ሄሊየም ቅዝቃዜ፣ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ሥራው የሚበላሸው የት ላይ ነው?

ሃይድሮጅን ላይ። ከየትም የመጣ አንድ የሃይድሮጅን አቶም የራዲካሉን ጫፍ ከዘጋው ሰንሰለቱ እዚያው ቆመ። ሪባን ሲሠራ ሁለተኛው ደረጃ ራሱ ሃይድሮጅን ያወጣል። ስለዚህ ሰው ቸኩሎ በአንዴ ወደ 400 ዲግሪ ቢያሞቅ፣ ማደግ ያልጨረሱት ሰንሰለቶች ጫፋቸው ይዘጋና አጫጭር ሪባን ይቀራል። በ200 ታግሶ መቆየት ያስፈልጋል።

የተነቀለው ብሮሚንም ወዲያው አይሄድም። ገጹ ላይ ከሰንሰለቶቹ መሐል ይቀመጥና መንገድ ይዘጋል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ከሃይድሮጅን ጋር ሆኖ ይተናል። ሦስተኛው ችግር፣ አንዳንድ መነሻ ሞለኪውል ከባድ ስለሆነ ከመትነኑ በፊት ማሞቂያው ውስጥ ይቃጠላል። ይህኛው የማንም ጥፋት አይደለም፤ ሌላ ሞለኪውል መንደፍ ነው።

ብሮሚን ወይም አዮዲን የግድ ነው?

የግድ አይደለም። በ2011 የሊፌንግ ቺ ቡድን ተራ ቀጥ ያለ አልኬን፣ ሻማ ውስጥ ያለውን ዓይነት፣ ወርቅ ላይ ጫፍ ለጫፍ ገጣጠመ። የተጠቀሙበት ወርቅ ገጹ ላይ ቦይ ቦይ ያለው (110) ነው፤ ሞለኪውሎቹ ቦዩ ውስጥ ተሰልፈው ሌላ የመዞሪያ ቦታ ስላጡ በጫፋቸው ገጠሙ። ጫፋቸው ላይ ሦስትዮሽ ትስስር ያላቸው ሞለኪውሎችም ብር ላይ ይጣመራሉ። ሃሎጅን ግን የት ላይ እንደሚገጥም ስለሚያስወስን እስካሁን ተመራጭ ነው። አዮዲንና ብሮሚን በአንድ ሞለኪውል ላይ ከተደረጉ አዮዲኑ ቀድሞ ይነቀላል፤ መጀመሪያ ሰንሰለት፣ በኋላ በተሻለ ሙቀት መረብ ማድረግ ይቻላል።

ራዲካሉ ሳይገጥም እንዲቀር የሚፈለግበት ጊዜ አለ?

አለ፤ ለፊዚክስ ሰዎች ደግሞ ዋናው ይህ ነው። ትራያንጉሊን የሚባል ሦስት ማዕዘን ሞለኪውል አለ። ስድስት ቀለበቶች አሉት፤ ድርብ ትስስሮቹን በየት በኩል ብትስሏቸው ሁለት ኤሌክትሮን ያለ ጥንድ ይተርፋል። ኤሪክ ክላር በ1950ዎቹ ፍላስክ ውስጥ ሞክሮት እምቢ አለው፤ ሞለኪውሉ እንደተወለደ እርስ በርሱ ይጣበቃል። በ2017 የአይቢኤም ተመራማሪዎች ሁለት ትርፍ ሃይድሮጅን ያለበትን ዘመዱን ገጽ ላይ አስቀምጠው ሁለቱን በመርፌው ነቀሉና አገኙት። ጎረቤት ስለሌለው የሚጣበቅበት የለም።

እንዲህ ያሉ ሞለኪውሎች ማግኔታዊ ናቸው፣ ውስጣቸው ግን ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ ነው። በ2021 በሰንሰለት ተያይዘው በቲዎሪ ብቻ ሲነገር የነበረ የስፒን ጠባይ ታይቶባቸዋል። ከክፍሉ ወደ አየር ሲወጡ ግን አይቆዩም። ጠርዛቸው የተዘጋ ሪባኖች፣ ለምሳሌ የ7ቱ፣ አየር ላይ ይኖራሉ።

ስንት ግራም ይመረታል?

ግራም ተብሎ አይጠየቅም። አንድ አቶም ውፍረት ያለው ግራፊን በካሬ ሜትር 0.77 ሚሊግራም ገደማ ይመዝናል። አንድ ካሬ ሴንቲሜትር ወርቅ ሙሉ በሙሉ ቢሸፈን ከ0.1 ማይክሮግራም ያነሰ ይሆናል። አንድ ግራም ለማግኘት ወደ 1,300 ካሬ ሜትር የተሸፈነ ወርቅ ያስፈልጋል። ቀለም፣ ፕላስቲክ ወይም ባትሪ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ይህንን መንገድ ይተወው።

ከወርቁ ላይ እንዴት ይነሳል?

ወርቅ ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፍ ሪባኑ እዚያ ላይ ሆኖ ትራንዚስተር ሊሆን አይችልም። ማይካ ላይ የተቀባው ወርቅ ለዚህም ይጠቅማል። ቁራጩ ጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ላይ እንዲንሳፈፍ ይደረጋል፤ ማይካው ይላቀቃል፣ ወርቁ እንደ ስስ ቅጠል ይቀራል። ቅጠሉ ሪባኑ ወደ ታች ሆኖ ሲሊከን ዳይኦክሳይድ ላይ ይለጠፋል። በመጨረሻ ወርቁ በፖታሲየም አዮዳይድና አዮዲን ድብልቅ ፈሳሽ ይሟሟል።

ስልኬ ውስጥ መቼ ይገባል?

ቶሎ አይደለም፤ ዓመት የሚቆርጥላችሁን ሰው ብዙም አትመኑ። በእነዚህ ሪባኖች የመጀመሪያው ትራንዚስተር በርክሌይ ውስጥ በ2013 ተሠርቷል፣ በ2017ም በጣም የተሻለ ወጥቷል። ያስቸገረው የሪባኑ ጥራት አይደለም፤ አንድ ናኖሜትር ወርድ ያለውን ነገር ከብረት ሽቦ ጋር ማገናኘቱ ነው። መገናኛው ላይ ያለው እክል የሪባኑን ችሎታ ይውጠዋል። ሪባኖቹም በተፈለገው ቦታና አቅጣጫ አይበቅሉም።

ጅማ ላይ ሆኜ ምን ልሥራ?

ይህ ጥያቄ በብዛት የሚመጣው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ካሉ የማቴሪያል ሳይንስ ተማሪዎች ነው፤ የሚጠየቀውም በትንሽ ተስፋ መቁረጥ ነው። እውነቱን ለመናገር ማሽኑ ከባድ ነው። ፓምፖቹ ሌት ተቀን ይሠራሉ፤ መብራት አንዴ ከሄደ ክፍሉን እንደገና ከ100 ዲግሪ በላይ ለቀናት አሙቆ ማድረቅ ሊመጣ ይችላል። ፈሳሽ ሄሊየምም ከከተማችን ገበያ የሚገዛ አይደለም። ግን ወደ ዘርፉ የሚገባው በዚያ በር ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያው በር ስሌት ነው። የዴንሲቲ ፈንክሽናል ስሌት (የሞለኪውልን ኤሌክትሮኖች ጠባይ በኮምፒዩተር ማስላት) የሚሠራው ኳንተም ኤስፕሬሶ የተባለ ፕሮግራም በነፃ ይወርዳል፤ ስሙም ለእኛ ከተማ የሚስማማ ነው። ጣሊያን ትሪየስት ያለው የአብዱስ ሰላም የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከልም ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተመራማሪዎች በዚህ ላይ ሥልጠና ሲሰጥ ኖሯል። ምክሬ፣ ከሪባን አትጀምሩ። አዮዶቤንዚንን ብቻውን ወስዳችሁ የካርቦንና የአዮዲንን ትስስር ለመበጠስ የሚያስፈልገውን ኃይል አስሉ። ከ270 ኪሎጁል አካባቢ በጣም ከራቃችሁ አሠራራችሁ ላይ ችግር አለ። ቀጥሎ ሦስት ወይም አራት ንብርብር መዳብ ሥሩና ሞለኪውሉን አስቀምጡበት። የቫን ደር ቫልስን ኃይል (በሞለኪውልና በገጽ መካከል ያለውን ደካማ ስበት) መጨመር አትርሱ፤ ያለ እሱ ሞለኪውሉ ከገጹ ርቆ ተንሳፍፎ ይወጣል። እዚህ ሥራ ላይ ብዙ ትልልቅ ግኝቶች ስሌትና ሙከራ በአንድ ወረቀት ላይ የወጡባቸው ናቸው፤ የሚያሰላው ሰው የት ከተማ እንደተቀመጠ ማንም አይጠይቅም።

ሁለተኛው ኦርጋኒክ ሲንተሲስ፣ የካርቦን ሞለኪውሎችን መቀመም፣ ነው። ማይክሮስኮፕ ያላቸው ቡድኖች ሁልጊዜ መነሻ ሞለኪውል ይፈልጋሉ። ብሮሚኑን በትክክለኛው ቦታ ማስገባትና በጣም አድርጎ ማጥራት የፍላስክ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ እኔ ደግሞ ለጅማ ከሁሉ የሚቀርበው ይመስለኛል። ራዲካልን ያለ ቫኪዩም፣ በቢከር ውስጥ፣ ኤሌክትሮድ ላይ መትከል ይቻላል። በ1992 ፒንሶን፣ ሳቬያንና ባልደረቦቻቸው ፈረንሳይ ውስጥ የዳያዞኒየም ጨውን (ቤንዚን ቀለበት ላይ ሁለት ናይትሮጅን የተያያዘበትን) በኤሌክትሪክ ኤሌክትሮን ሲሰጡት ናይትሮጅኑ ወጥቶ የቀረው የቤንዚን ራዲካል ካርቦን ኤሌክትሮድ ላይ እንደሚጣበቅ አሳዩ። ወርቅና ሌሎች ብረቶች ላይም ይሠራል። የሚያስፈልገው ፖቴንሽዮስታት (የኤሌክትሮዱን ቮልቴጅ የሚቆጣጠር መሣሪያ)፣ በረዶ፣ አሚን፣ ሶዲየም ናይትራይትና አሲድ ነው። መሥራቱን የምታውቁት በመጀመሪያው ዙር ሰፊ የኤሌክትሪክ ጉብታ ወጥቶ በሁለተኛው ዙር ሲጠፋ ነው፤ ገጹ ተሸፍኗል ማለት ነው። በዚህ ሽፋን ላይ ሴንሰር ይሠራል።

እዚህ ሥራ ላይ ያው የራዲካል ጠባይ ይመለሳል። አዲስ የመጣ ራዲካል ባዶ ቦታ ከመፈለግ ይልቅ ቀድሞ የተተከለውን ቀለበት ይመታና ሽፋኑ ተደራርቦ ይወፍራል። ቀለበቱ ላይ ግዙፍ ክንፎች ያሉት ሞለኪውል ከተመረጠ ይህ ይቀራል፤ አንድ ንብርብር ብቻ ይገኛል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ የዳያዞኒየም ጨው ደርቆ ሲቀመጥ ሊፈነዳ ይችላል። በበረዶ ላይ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ አዘጋጁትና ወዲያው ተጠቀሙበት፣ አድርቃችሁ አታስቀምጡ፣ ያለ ኃላፊ ብቻችሁን አትሥሩት።

ከሙከራው በኋላ ወርቁ ይጣላል?

ማይካ ላይ የተቀባው ሪባኑን ለማንሳት ሲባል ይሟሟል። ወፍራሙ የወርቅ ክሪስታል ግን አይጣልም። በአርጎን አዮን ይመታል፣ የላይኛው ንብርብር ከነቆሻሻው ይገፈፋል፣ ከዚያ በ450 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ አቶሞቹ እንደገና ይስተካከላሉ። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ክሪስታሉ ለቀጣዩ ሙከራ ይቀርባል፤ አንዱ ክሪስታል ለዓመታት ያገለግላል።